የማትሰማዋ ጨዋ

በአንድ ወቅት፣ ዱላ ከትምህርት ቤት በተባረረበት ዓመት፣ ከወንዝ ማዶ ባለች አንዲት ጭጋጋም ከተማ ውስጥ ትርንጎ የሚባሉ መምህርት ነበሩ። የሚያስተምሩት ሦስተኛ «ለ» ክፍልን ነበር። ክፍሉ የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያና ስልሳ አንድ ልጆች ነበሩት። ዝናብ ሲጥል መምህርቷ ቢጮኹ ድምፃቸው አይሰማም፤ ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ ልጆቹ ይጮኹና ያው አይሰማም።

ርዕሰ መምህሩ አቶ ይገረሙ ከስልጠና በተመለሱ ማግስት መምህራኑን ሰበሰቡ።

«ከዛሬ ጀምሮ መምታት የለም» አሉ። «ማንበርከክም የለም። የረባሽ ስም ሰሌዳ ላይ መጻፍም ቀርቷል። ያጠፋውን ከመቅጣት ያለማውን ማመስገን ይሻላል።»

ከመሳቢያቸውም ቢጫ ጥብጣብ አወጡና ለየክፍሉ ቆርጠው ሰጡ። ዘወትር ዓርብ ባንዲራ ሲወርድ ከየክፍሉ አንድ ጨዋ ልጅ ይጠራል፤ ጥብጣቡ ደረቱ ላይ ይደረግለታል፤ ሳምንቱን ሙሉ እሱን አድርጎ ይውላል፤ ተባለ።

መምህርት ትርንጎ ደስ አላቸው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ዱላ ይዘው ቆመዋል፤ አንድም ቀን ግን ወደውት አያውቁም። ዱላቸውን መጣል ስላሳዘናቸው የክፍሉን መስኮት መደገፊያ አደረጉት። መስኮቱ ወደ ላይ የሚከፈት ከባድ የእንጨት መዝጊያ ነበር፤ ዱላው ከሥሩ ሲቆም ብርሃን ይገባል።

በዚያው ሰሞን ሐሴት የምትባል ልጅ ወደ ክፍሉ መጣች። እናቷ በክረምት ሞታባት፣ ከገጠር ወደ አክስቷ ቤት የመጣች ልጅ ናት። በጥቁር ሻሽ ራሷን እስከ አንገቷ ሸፍና፣ መስኮቱ ሥር ባለው ዴስክ ተቀመጠች። የሐዘን ሻሽ ስለሆነ ማንም ለምን አላላትም።

ሐሴት አትንጫጫም። ከኋላ ሲጠሯት ዞር አትልም። ስልሳው ልጅ ሲተራመስ እሷ አንገቷን ደፍታ ትጽፋለች። መምህርት ትርንጎ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ልጅ አላዩም።

«አያችሁ?» አሉ በመጀመሪያው ዓርብ ጥብጣቡን ሲያደርጉላት። «ጨዋ ማለት እንደዚህ ነው። እንደ ሐሴት ሁኑ!»

በሁለተኛውም ዓርብ ጥብጣቡ የእሷ ሆነ፤ በሦስተኛውም፣ በአራተኛውም። ልጆቹ ሜዳ ላይ ሲያዩዋት «ጨዋዋ መጣች፣ መንገድ ልቀቁ!» ይላሉ። ሐሴት መልስ አትሰጥም።

«ዴስኩም እኮ አይናገርም» አለ ዳኛቸው አንድ ቀን። «ለሱም ጥብጣብ ይደረግለታ!»

ዳኛቸው የክፍሉ ቀልደኛ ነበር። ዱላ በነበረበት ዘመን ስሙ ከሰሌዳው ላይ ጠፍቶ አያውቅም ነበር። ዱላ ከቀረም በኋላ መምህርቷ በቀን አሥር ጊዜ «አንተ ልጅ አትሰማም!» ይሉታል። እሱም ይህን ከመልመዱ የተነሣ እንደ ሁለተኛ ስሙ ይቆጥረው ነበር።

ከሁለተኛው ዓርብ በኋላ በዋለው ሰኞ ዳኛቸው እጁን ሳያወጣ ተነሣ።

«ቲቸር!»

«ምንድን ነው?»

«ሐሴት አትሰማም።»

መምህርት ትርንጎ ወደ ልጅቷ ተመለከቱ። እንደ ወትሮዋ አንገቷን ደፍታ ትጽፋለች።

«እሷ ናት የማትሰማው? እሷ?» አሉ። «የማትሰማስ አንተ ነህ! ከመስከረም ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ ሰምተኸኛል?»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ።

«አይ ቲቸር፣ እኔ እምለው...»

«ቁጭ በል አልኩህ!»

ዳኛቸው ቁጭ አለ። ሁሉም ሲስቅ ሐሴት ብቻ አልሳቀችም። መምህርቷ ይህንንም ከጨዋነቷ ቆጠሩላት።

አሁን ሦስት ልጆች ያደረጉትን እንስማ።

የመጀመሪያዋ ጽጌ ናት። ጽጌ ከሐሴት ጋር አንድ ዴስክ ላይ የምትቀመጥ፣ ቀጭንና ፈሪ ልጅ ነበረች። ገና በመጀመሪያው ሳምንት ከሐሴት ሻሽ ሥር መጥፎ ሽታ ሸተታት። በእረፍት ሰዓት ከሽንት ቤቱ ጀርባ ወሰደቻትና ሻሹን አስፈታቻት። ከሁለቱም ጆሮዎቿ መግል ይወርድ ነበር። የደፈነችበት ጥጥ ቢጫ ሆኗል።

«ለማንም እንዳትነግሪ» አለች ሐሴት የጽጌን ከንፈር እያየች። «አክስቴ ካወቀች ከትምህርት ቤት ታስወጣኛለች። ወደ አያቴ ትመልሰኛለች። እዚያ ትምህርት ቤት የለም።»

«አልናገርም። እናቴ ትሙት!»

ሐሴት ከንፈሯን አንብባ ደነገጠች። «እናትሽን አትጥሪ» አለቻት። «እንዲሁ ማይልኝ።»

ጽጌ እንዲሁ ማለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሐሴት ጆሮ ሆነች። የስም ጥሪ ላይ በዴስኩ ሥር ጉልበቷን አንድ ጊዜ ስትነካት ሐሴት «አቤት» ትላለች፤ ሁለት ጊዜ ስትነካት ትነሣለች። የቃል ጽሕፈት ሲሆን ጽጌ ደብተሯን ወደ ጎን ታጋድልላታለች። ንባብም በጣቷ ፊደል ፊደሉን እያሳየች አስተማረቻት። ማታ ማታ ከራሷ ትራስ ጥጥ ትመዛለች፤ ጠዋት ለሐሴት ታመጣላታለች። ትራሱ ቀን በቀን ቀጠነ። መምህርቷ ደግሞ «ጽጌ፣ ዝም ብለሽ ተቀመጪ! አጠገብሽ ካለችው ተማሪ» ይሏት ነበር። ጽጌ ነገሩን ሆድ ይፍጀው ብላ ዝም አለች። ጥጡም ጆሮውን ደፍኖ፣ መግሉ ከውስጥ ይበላ ነበር።

ሁለተኛው ዳኛቸው ነው። አንድ ሐሙስ ከትምህርት ቤት ሲወጡ አንድ ባጃጅ ጡሩምባውን እየነፋ ከሐሴት ጀርባ መጣ። እሷ ከመንገዱ አልወጣችም። ባጃጁ ልብሷን ነክቶ ዳር ጥሏት አለፈ።

«ደንቆሮ ነሽ እንዴ!» አለ ባለ ባጃጁ።

ልጆቹ ሳቁ። ዳኛቸው ግን ለመጀመሪያ ጊዜ አልሳቀም። ባለ ባጃጁ እውነቱን መናገሩን ከዚያ ሁሉ ልጅ የተረዳው እሱ ነበር። ለቲቸር እንዳይነግር አንዴ ነግሯቸው ተስቆበታል።

በማግስቱ ዓርብ ጠዋት መምህርቷ ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው አዙረው ሲጽፉ ተነሣ። ቀስ ብሎ ሄደና መስኮቱን የደገፈውን ዱላ መዘዘው። መዝጊያው እንደ ጥይት ጮኾ ወደቀ። ልጆቹ በሙሉ ከመቀመጫቸው ዘለሉ። በመምህርቷ እጅ ያለው ጠመኔ ተሰበረ። ሐሴት ግን እዚያው መስኮቱ ሥር ሆና መጻፏን አላቆመችም። ብርሃን ሲቀንስባት ብቻ ደብተሯን ወደ ፊቷ አስጠጋች።

«ቲቸር» አለ ዳኛቸው ዱላውን እንደያዘ። «አትሰማም ያልኩት ይሄንን ነው።»

አንድ ልጅ «ደንቆሮ!» አለ። ቃሉ ከዴስክ ወደ ዴስክ ሄደ፤ ሳቁም ተከተለው።

ሐሴት ቀና ስትል ሁሉም አፉን ከፍቶ ያያታል። ዕለቱ ዓርብ ነው፤ ጽጌ ጉልበቷን አልነካቻትም፤ ግን ለጥብጣብ የተጠራች መሰላት። ብድግ አለችና ልብሷን አስተካክላ፣ ደረቷን ወደ መምህርቷ አቀናች። ያን ጊዜ ጽጌ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ማልቀስ ጀመረች። ሐሴት ጽጌን አየች፤ ሳቁን አየች፤ ከክፍሉም ሮጣ ወጣች።

መምህርት ትርንጎ የተሰበረውን ጠመኔ እንደያዙ ቆሙ። «የማትሰማስ አንተ ነህ» ያሉት ቃል ተመልሶ መጣባቸው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ያን ቀን የመምህርቷ ጆሮ ለራሳቸው ባዳ ሆነባቸው። በዚያ ዓርብ ባንዲራው ሲወርድ የሦስተኛ «ለ» ስም ተዘለለ። ጥብጣቡ ከሐሴት ጋር ሄዷልና።

ሰኞ ጠዋት አክስቷ ወይዘሮ አስካል ሐሴትን በእጃቸው ይዘው መጡ። የደከማቸው ሴት ነበሩ።

«መምህርት፣ እኔ ይቺን ልጅ ለሥራ ብዬ አላመጣኋትም» አሉ። «ትማር ብዬ ነው። የማይሰማ ልጅ ምን ይማራል? አራት ልጆች አሉኝ፤ ቤቴ አንድ ክፍል ነው። ቅዳሜ አያቷ ጋ እመልሳታለሁ። እስከ ዓርብ ከጓደኞቿ ጋር ትቀመጥ።»

«ብትታከምስ?»

«ማን ይዟት ይሂድ? እኔ ቀኑን ሙሉ ጉልት ላይ ነኝ።»

«እኔ እወስዳታለሁ። ነገና ከነገ ወዲያ ስብሰባ አለብን። ሐሙስ ጠዋት እወስዳታለሁ።»

ሦስተኛዋ ኑሪያ ናት። ኑሪያ የክፍሉ አለቃ ነበረች። ደብተሯ እንደ ነጠላ የጸዳ ነው፤ ስሟ አንድም ቀን የረባሽ ዝርዝር ውስጥ ገብቶ አያውቅም። ጥብጣቡንም ከሁሉ አብልጣ የምትመኘው እሷ ነበረች። እናቷ ዓርብ ዓርብ በር ላይ ጠብቀው «ዛሬስ?» ይሏታል። እሷም «ዛሬም ሐሴት» ትላለች።

ማክሰኞ ጠዋት መምህራኑ ለስብሰባ ሲገቡ መምህርት ትርንጎ ኑሪያን ጠሯት። የስብሰባው ርዕስ «የተማሪዎች ደኅንነት» የሚል ነበር።

«ክፍሉ ያንቺ ነው» አሏት። «ማንም እንዳይወጣ። አንቺም እንዳትወጪ።»

«እሺ ቲቸር።»

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሐሴት ዴስኩ ላይ ተደፋች። ትንዘፈዘፍ ነበር። ከግራ ጆሮዋ ጀርባ እንደ ሎሚ ያለ እብጠት ወጥቷል። ኑሪያ ግንባሯን ነክታ እጇን ቶሎ አነሣች። ወደ ስብሰባው ክፍል ሮጣ አንኳኳች፤ በሩን የከፈቱላት ሌላ መምህር «በኋላ! ስብሰባ ላይ ነን» ብለው መለሷት። ኑሪያ ወደ ክፍሉ ተመለሰች። የአለቃነቷን ጠመኔ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ ሐሴትን ደግፋ በአጥሩ ቀዳዳ አወጣቻትና እስከ ጤና ጣቢያው ድረስ ጎተተቻት።

«ምንሽ ናት?» አሏት ሲስተሯ።

«እህቴ ናት።»

ሲስተሯ የኑሪያን ሂጃብ አዩ፤ የሐሴትን ማተብ አዩ። ካርዱ ላይ «እህት» ብለው ጻፉ።

መግሉ ወጣላት፤ መርፌ ተወጋች፤ ለጆሮዋም ጠብታ ተሰጣት። ሲስተሯ እጃቸውን እየታጠቡ «ግራው አልፏል፤ ከእንግዲህ አይሰማም» አሉ። «ቀኙ ይድናል። ከወር በፊት ብትመጡ ኖሮ...» ብለው ተዉት። ኑሪያ መምህርቷ ሐሙስ ሊወስዷት እንደነበር ስትነግራቸውም «እስከ ሐሙስ ብትቆዩ ግን...» አሉ፤ ይህንንም አልጨረሱትም።

በዚያው ሰዓት ሦስተኛ «ለ» ያለ አለቃ ቀርቶ ነበር። ልጆቹ ዴስክ ላይ ወጥተው ይዘላሉ። አንዱ ዴስክ ተገለበጠና በክፍሉ ትንሹ ልጅ፣ በሚልኪያስ ላይ ወደቀ። ክንዱ ተሰበረ። ኑሪያ በአጥሩ ቀዳዳ ስትመለስ የሚልኪያስን እናት ልቅሶ ከሩቅ ሰማች።

ወይዘሮ አስካል መድኃኒቱን ተቀብለው ኑሪያን መረቁ። ሐሳባቸውን ግን አልለወጡም። «ጠብታው እዚያም ይደረግላታል» አሉ። «በግማሽ ጆሮ ስልሳ ልጅ መሃል ምን ትሰማለች?» መምህርቷ ሁለት ጊዜ ቤታቸው ሄደው ለመኑ። ሁለት ጊዜ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

ዓርብ ደረሰ። አቶ ይገረሙ በእኩለ ቀን ወረቀታቸውን ይዘው መጡ።

«ትርንጎ፣ የሦስተኛ "ለ"ን ስም ስጪኝ። ያለፈው ሳምንት አልፏችኋል።»

«ለማንም ባይሆንስ፣ ጋሽ ይገረሙ?»

«ከስልሳ አንድ ልጅ አንድ ጨዋ ጠፋ ልበል? ቤተሰብ ይመጣል እኮ!»

እሳቸው ሲሄዱ ሐሴት ገባች። ጥብጣቡን ከደረቷ ፈትታ፣ በጥንቃቄ አጣጥፋ ይዛዋለች። ስትናገር ድምጿ ጮክ ያለ ነበር፤ የራሷን ድምፅ ልክ አታውቀውምና።

«ቲቸር፣ ይሄ የኔ አይደለም። ዝም ያልኩት ጨዋ ሆኜ አይደለም፤ ስለማልሰማ ነው። ለሚገባው ይስጡልኝ። ነገ ሳልሄድ የማን እንደሆነ ልስማ።»

መምህርት ትርንጎ ጥብጣቡን ተቀበሉ። ልጅቷ እንድታየው ራሳቸውን ነቀነቁላት። ከዚያ ያደረጉላትን ሁሉ በሳምንቱ ውስጥ ሰምተው ነበርና ሦስቱን ልጆች ወደ ባዶው ክፍል ጠሯቸው።

«ንገሩኝ» አሏቸው። «ለማን ልስጠው?»



«እኔ መጀመሪያውኑ ተናግሬ ነበር» አለ ዳኛቸው። «ሰሚ ነው የጠፋው።»

መምህርቷ አንገታቸውን ደፉ።

«አንተ አሰደብካት!» አለች ጽጌ፤ እንደዚያ ስትጮኽ ተሰምታ አታውቅም። «አሁን ማን ሐሴት ብሎ ይጠራታል? ደንቆሮዋ ሆናለች!»

«አንቺስ? ጥጥ እየጎሰጎስሽ ጆሮዋን አስበላሽው!»

«ባልደብቃት ኖሮ በመጀመሪያው ሳምንት ትባረር ነበር። አሁን እኮ ማንበብ ትችላለች። መስማት ቢቀር ማንበብ አላት።»

«ጥጥና መስኮት አላዳናትም» አለች ኑሪያ ቀስ ብላ። «ሐኪም ነው ያዳናት።»

«የሚልኪያስን ክንድስ ማን ሰበረው?» አላት ዳኛቸው።

 የኑሪያ እንባ ጠብ ጠብ አለ። ዳኛቸውም ስላስለቀሳት አፈረና ጫማውን ማየት ጀመረ።

መምህርት ትርንጎ ልጆቹን አሰናብተው ብቻቸውን ተቀመጡ። ለጽጌ ቢሰጡ፣ የታመመን መደበቅ ጥሩ ነው የሚል ልጅ ነገ ይነሣል። ለዳኛቸው ቢሰጡ፣ ያን ቀን የሳቁት ሁሉ ጓደኛን በሰው ፊት ማዋረድ ያስሸልማል ይላሉ። ለኑሪያ ቢሰጡ ደግሞ ሚልኪያስ ክንዱን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ እናቱም ከአጥሩ ውጭ ቆመው ያያሉ። ጥብጣቡን ኪሳቸው ቢያስቀሩት ሐሴት ማንም ደግ አልሠራልኝም ብላ ትሄዳለች። ደግ ግን ተሠርቶላታል፤ ሦስቱም ከሳቸው ቀድመው ሠርተውላታል። ይህ ነበር ከሁሉ በላይ የከበዳቸው።

ደወሉ ተደወለ። ጭጋጉ ሜዳው ላይ ወርዶ የኋለኞቹ ሰልፎች በግማሽ አይታዩም ነበር። ባንዲራው ቀስ እያለ ወረደ። አቶ ይገረሙ ክፍሎቹን በየተራ ጠሩ። አንደኛ «ሀ»፤ ጭብጨባ። ሁለተኛ «ለ»፤ ጭብጨባ። በመጨረሻም «ሦስተኛ "ለ"!» አሉ።

መምህርት ትርንጎ ጥብጣቡን ይዘው ወደ ፊት ወጡ። ጽጌ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ቆማለች። ዳኛቸው ወደ መሬት ያያል። ኑሪያ ወደ አጥሩ፣ እናቷ ወደሚጠብቁበት በር ትመለከታለች። ሐሴት ከሰልፉ መጨረሻ ላይ ነበረች። መምህርቷ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ አየቻቸው፤ ጥቁር ሻሿን ከቀኝ ጆሮዋ ላይ ገለጥ አደረገችና፣ ያን የቀራትን ጆሮ ወደሳቸው አዘነበለች።

እንግዲህ የሰማችሁ ሁሉ ፍረዱ። ያቺ ልጅ ነገ ከመሄዷ በፊት የምትሰማው ስም የማን ይሁን? ጥብጣቡ የሚገባው ለማን ነው?